አምስት ከአምስት ለደጉ መምህር

የሴሚስተሩ ማብቂያ ደርሶ የመምህራን መገምገሚያ ቅጽ ሲታደል ማን አምስት ከአምስት እንደሚያገኝ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ደጉ መምህር ነዋ!

ደግነቱ ተወርቶ አያልቅም። የስምንት ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ስምንት ተኩል ገብቶ ዘጠኝ ሳይሞላ ይለቀናል። ፍላሹን ሰክቶ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች ያነብልናል፤ ማንበብ እንደማንችል በምን ጠርጥሮ እንደሆነ እንጃ። በስላይዱ ግርጌ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም መታየቱ ቅር አይለንም፤ እውቀት ድንበር የለውም። ጥያቄ የሚያነሳ ሞገደኛ ሲገኝ «ወደፊት እንደርስበታለን» ይላል፤ እስከ ፋይናል አንደርስበትም። ፈተናው ሲቃረብ «ይቺን ያዝ አድርጓት» ይለናል፤ ያዝ ያደረግናት ራሷ የአምናዋ ፈተና ሆና ትመጣለች። ከዚያ ኤ ይዘንባል።

ጨካኞችም አሉ። አንዷ «ይህ ቀመር ከየት መጣ?» ብላ ሰሌዳ ፊት ታቆማለች፤ የጻፍነውን ከዳር እስከ ዳር አንብባ፣ ስህተቱን በቀይ አስምራ ትመልሳለች። ለእሷ አንድ ከአምስት ሰጥተን ልኳን አሳየናት።

ዩኒቨርሲቲያችን ላለባት ለጎንደር ጭካኔ አዲስ አይደለም። በበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ዜማ ተማሪው ያጠናውን የኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ ከሳተ ይመለሳል። ጥቆማ የለ፣ ስላይድ የለ፤ ሳያስመሰክር መምህር ነኝ ማለትም የለ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅም ከዚህ አልተሻለም፤ ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ገጠር ጤና ጣቢያ ያወርዳቸው ነበር። የደንቢያ ገጠርን ወባ በስላይድ ማባረር ሲቻል ምን አደከማቸው!

ትምህርት ሚኒስቴርም ቢሆን ደግነት አይገባውም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና አመጣብን። ፈተናው ያዝ ያደረግናትን አያውቃት፣ የዘነበልንን ኤ አይቆጥርልን! በመጀመሪያው ዙር በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን 50 ከመቶ አላገኙም። ያን ዕለት ደጉ መምህር አጠገባቸው አልተቀመጠም፤ የእኛ ቀን ሲደርስም አይቀመጥም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቅጹ ዘንድሮም ይመጣል። እስክሪብቶ ከማንሳትህ በፊት፣ ከማንሳትሽ በፊት፣ ከዚያ ክፍል ምን ተምረን እንደወጣን አንድ ጊዜ ይታሰብ። መልሱ ከጠፋ አምስቱ ለደጉ መምህር አይገባውም፤ ሰሌዳ ፊት ላቆመችን ነው የሚገባት።