አብሮኝ የሚተኛው ሰዓት

ኮምፒውተሬ ሰዓት መሳት የጀመረ ሰሞን ጥፋቱን የሰጠሁት ለፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ማታ በ4 ሰዓት አጥፍቼው እተኛለሁ፤ ጠዋት በ1 ሰዓት ስከፍተው፣ 7፡00 ማለት ሲገባው የማታ 10፡01 ይለኛል። ጣቴን እያጠፍኩ አሰላሁ። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት 6 ነው፤ የእኔው የጎደለው 9። ሦስቱን ማን በላው?

እሁድ አርፍጄ ስነሳ ጭራሽ 11 ሰዓት ጎደለ። ባለቤቴ ቡናዋን እየቆላች «ስትተኛ አብሮህ ይተኛላ!» አለች። ተሳሳቅንና አለፍነው።

ማሽኑ ኢንተርኔት አያውቅም፤ ጽሑፍ መጻፊያ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚያርምለት ከእኔ ሌላ የለም፤ እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ። ሳላስተካክለው አንድ ሳምንት ቢከርም ሁለት ቀን ተኩል ወደ ኋላ ቀረ። ብተወው ኖሮ ከ20 ዓመት በኋላ ያለማንም እርዳታ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ላይ ያርፍ ነበር። ጥቅምም አላጣሁበትም። ለማክሰኞ የተባልኩትን ጽሑፍ ሐሙስ በፍላሽ ይዤ ስሄድ አዘጋጁ ፋይሉን አየት አድርገው «ታዲያ ሰኞ ከጨረስከው ለምን እስከ ዛሬ አቆየኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። ገና ሳይከፍተው «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ፎርማት የኮምፒውተር ዳማከሴ ነው፤ ለራስ ምታቱም ለቁርጠቱም ያው እሱ ይታዘዛል። ከፈልኩ፤ የልጄ የክርስትና ፎቶዎች ጠፉ፤ በማግስቱ 9 ሰዓት ጎደለ።

መድኃኒቱን ያገኘው የጎረቤት ልጅ ነው። ጎኑን በመፍቻ ከፍቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ናት የደከመችው።» ሲአር 2032 ይሏታል፤ ቁጥሩ ልኳ ነው፤ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። ኮምፒውተሩ መብራት ሲያጣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገበውን ትንሿን ኳርትዝ የምታስኬደው እሷ ናት። ሶኬቱ ላይ ከተሰካ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱ ከመስመሩ ይቀለባል።

«ማታ ማታ ትነቅሉታላችሁ እንዴ?»

ባለቤቴን አየኋት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብላ፣ ከመተኛታችን በፊት ማከፋፈያውን ሳትነቅል ያደረችበት ሌሊት የለም። ምርመራውንም ያን እሁድ ቡና እየቆላች ጨርሳው ነበር፤ የሰማት ጠፋ እንጂ።

አዲሷ ባትሪ ገብታ ሰዓቱ ሰው ሆነ። ባለፈው ሳምንት የማክሰኞውን ጽሑፍ ሐሙስ ይዤ ሄድኩ፤ ፋይሉም ሐሙስ ይላል። አዘጋጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩኝ።

አሮጌዋን ባትሪ አልጣልኳትም። መሳቢያዬ ውስጥ ናት።