ዋስ አለህ?

መርካቶ ውስጥ «ተባረሃል» የሚል አሠሪ አላጋጠመኝም። ሰው ማስቀየም ነውር ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ የእኔ ጋሼ ሻይ አዘዙልኝና «እስቲ ትንሽ አረፍ በል፤ ስንፈልግህ እንደውላለን» አሉኝ። እኔም መርቄአቸው ወጣሁ።

ሕግ የሚማር ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ አበደ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከስልኩ አውጥቶ አነበበልኝ። የቃል ውልም ውል ነው፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶው ይጨመርበታል። የእኔ ማስጠንቀቂያ ሻዩ እስኪያልቅ ነበር። ወደ ሥራው ለመመለስ የሚከስ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ይክሰስ ይላል። «እንደውላለን» የምትባለው ነገር ጥበቧ የገባኝ ያኔ ነው፤ ስልክ ሲጠብቁ ሦስቱ ወር ሽው ይላል። ደግሞስ ማን ይከሳል? ጠዋት ፍርድ ቤት በር ላይ የታየ ሰው፣ ወሬው ከሰዓት ምናለሽ ተራ ደርሶ ያድራል።

የሥራ ልምድ ወረቀት ልጠይቅ ሄድኩ። እሱም በአዋጁ መብት ነው። ጋሼ ግን «ወረቀት ምን ያደርግልሃል ልጄ? ስልኬን ስጣቸው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያገኘሁት ደላላ ዲፕሎማዬን ዞር ብሎም አላየው። «ዋስ አለህ?» አለኝ። ዋሱ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ያመጣል። የማውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ እንደኔ አርፈዋል። ቋሚ የሆነው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። «ዋስ» ስለው ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እስከ ዛሬም አልተጠገነም።

ቢሆንም ደላላው አንድ ጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ሻጭ ሐጂ ዘንድ ወሰደኝ። ሐጂ ስለ ዋስ ሲያስረዱኝ ከደሴ የመጣ ነጋዴ ገባ። ተሳሳሙ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ወዲያው ተሸካሚዎቹ ቦንዳውን እያከታተሉ ያወጡት ጀመር። እኔ ዓመት ሙሉ ብሠራ የማላገኘው ብር ጭነት ላይ ወጣ። ሐጂ ደብተራቸው ላይ «የደሴው» ብለው ቁጥር ጻፉ። አለቀ። ፊርማም የለ፣ ማኅተምም የለ።

«የነጋዴው ዋስ ማነው?» አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ።

«የምን ዋስ? ደንበኛዬ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ሐጂ፣ ቅጥሩ ይቅርና ለኔም ትንሽ ዕቃ በዱቤ ይስጡኝ፤ እያዞርኩ ልሽጥ።»

ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ልጅ» አሉ፣ በእውነት አዝነው፣ «ሥራ ለሌለው ሰው ዱቤ ይሰጣል?»