ቅጠል ልናይ ወጥተን

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ አሌክሳንድሪያ ቤታችን ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው በሰላም ይኖሩ ነበር። ቅጠል አላማራቸውም። ቅጠል ላሳይዎት ያልኳቸው እኔ ነኝ።

«የምን ቅጠል?» አሉኝ።

«የሚረግፍ ቅጠል ነዋ፣ እማማ። ሸናንዶዋ የሚባል ሸለቆ አለ፤ ጥቅምት ላይ ተራራው ሁሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ሰዉ ከየስቴቱ እየነዳ ይመጣል።»

«ሊረግፍ ሲል ነው የሚመጡት?» ትንሽ አሰቡ። «እሺ፤ ለቅሶ መድረስም ደግ ነው።»

ባለቤቴ የቅዳሜ ሥራ ነበረባት። ስትወጣ «እማዬን ብርድ እንዳታስመታት፤ ደግሞ አታብዛ» አለችኝ። አታብዛ ያለችው ወሬ ነው። እኔ የሆነ ቦታ ልሄድ ካሰብኩ ሌሊቱን ስለ ቦታው ሳነብ አድርና ጠዋት እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ሆኜ እነሣለሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለላት ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም፤ ልዩነታችን፣ እሷን ሌላ ሰው ነው አወቅሽ ያላት።

66ን ይዘን ወደ ምዕራብ ነድተን ፍሮንት ሮያል ደረስን። ከመናፈሻው በር ፊት መኪናው ተሰልፎ ተሰልፎ፣ ልጄ ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው ጨረሰ። 30 ዶላሬን ከፍዬ ገባሁ። ስካይላይን ድራይቭ የተራራውን ጀርባ ይዞ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም፣ አገር እየታየ እንዲኬድ። እኛማ 35ም አልደረስን። ከፍ እያልን ስንሄድ ጉሙ መጣና ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ቀረልን።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው መኪናውን ያዞራል። እኔ የመጀመሪያው ማያ ቦታ ላይ አቁሜ እማማን አወረድኳቸው። ያን ሁሉ ያነበብኩትን የት ላድርገው?

«እዚህ ታች፣» አልኩ፣ ወደ ነጩ ነገር እየጠቆምኩ፣ «የሸናንዶዋ ወንዝ ነው። እየተጠማዘዘ ወደ ሰሜን ይወርድና ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ከፖቶማክ ይቀላቀላል፤ በኛ በኩል የሚያልፈው ማለት ነው። ማዶ የሚታየው ረጅም ተራራ ማሳኑተን ይባላል።»

እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የሚታየውን አዩልኝ። ቅጠሉ ለምን እንደሚቀላም አስረዳኋቸው፦ ቀኑ ሲያጥር አረንጓዴው እየፈረሰ ይጠፋል፤ ቢጫው ድሮም ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረ ነው፤ ቀዩ ግን ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ የሚሠራ ነው፣ ቀኑ ብራ ሌሊቱ ብርድ ከሆነ ደግሞ ይብስ ይደምቃል። ይኼኔ ልጄ ከመሬት አንድ ቅጠል አንሥቶ ለአያቱ አመጣ። ቡናማ ነበር።

«ጉሙስ ጥሩ ጉም ነው፤» አሉ እማማ ቅጠሉን እያገላበጡ፣ «ግን እንጦጦ በነፃ ነበር።»

ይህች ንግግር ናት ወደ ዋሻ የሰደደችኝ። ከተራራው በምዕራብ በኩል ሲወረድ ሉሬይ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ በ1878 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገኘ ትልቅ ዋሻ አለ። ዋሻ ውስጥ ጉም የለም። ቲኬት ቆርጠን ገባን። ከጣሪያው የድንጋይ ቀንድ ተንጠልጥሏል፣ ከወለሉም ሌላ የድንጋይ ቀንድ ወደ ላይ በቅሏል። እማማ አማተቡ። እኔ ማስረዳት ቀጠልኩ።

አንድ መታጠፊያ ስናልፍ ግን ንግግሬ ቆመ። ከመንገዱ ጠርዝ ሥር፣ መሬቱ ያለቀበት ላይ፣ ሹል ድንጋይ እንደ ጦር የተሰካበት ጥልቅ ገደል! እማማ ደግሞ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ እያዩ ነው።

«እማማ! ገደል! ገደል!»

ዋሻው ተቀብሎ ገደል፣ ደል፣ ደል አለ። ክንዳቸውን አፈፍ አድርጌ ወደ ኋላ ስስብ፣ በሌላው እጄ የነበረው ስልኬ አመለጠ። ቁልቁል ሲወርድ ለማየት ጓጉቼ ነበር። አልወረደም። ጠብ! አለና እዚያው አፍንጫችን ሥር፣ መብራቱ እንደበራ ተቀመጠ። ያ ሁሉ የጦር ጫካ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰባበረ፤ መልሶ ቀስ እያለ ገጠመ።

ድሪም ሌክ ይሉታል። ውኃው ዝም ከማለቱ የተነሣ ጣሪያውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያሳያል፤ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ሳነብ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወስዶኛል።

አስጎብኚው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን ሰዶ፣ ስልኬን እንደ ድንች አውጥቶ ሰጠኝ። ከክርኑ በላይ እንኳ አልራሰም። ሰዉ ዝም ብሎ ያያል። በአማርኛ መጮኼ በጀኝ፣ ማን ሰምቶኝ ብዬ ልጽናና ስል፣ ከኋላዬ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፦

«አይዞህ ወንድሜ፣ ውኃ ነው። ያውም የእግር መታጠቢያ።»

ሰሜን ቨርጂኒያ ተቀምጦ በአማርኛ ተደብቃለሁ ማለት!

ኦርጋኑ ጋ ስንደርስ አፌ ተዘግቷል። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ፦ ሊላንድ ስፕሪንክል የሚባል የፔንታጎን የሒሳብ ሰው ነው በ1950ዎቹ የሠራው። ቁልፉ ሲነካ የጎማ መዶሻዎች የዋሻውን ድንጋይ ይመታሉ፣ ድንጋዩ ይዘምራል። ደስ ይላል። ሴትዮዋ እያየችኝ ባትስቅ ኖሮ ይበልጥ ደስ ይል ነበር።

ማታ ስልኬ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ እያለ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ የእማማ ታናሽ እህት ናቸው፤ እሱን አገናኙኝ ብለዋል።

«እንኳን አተረፈህ የኔ ልጅ! እቴቴን ከገደል አፋፍ መንጭቀህ አዳንካት አሉ! ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ!»

ልጄ ከጎኔ ሆኖ የገደሉን ጥልቀት ጉልበቱ ላይ በእጁ እየለካ ያሳየኛል። እማማ በዓይናቸው ገሠጹት።

«ለመሆኑ ታቹ ይታያል?» አሉኝ ሴትዮዋ።

እማማን አየኋቸው። ስኒያቸውን ይዘው በአገጫቸው በል አሉኝ።

«ኧረ ታች የለውም፣» አልኩ።