የበዛብህ እናት ስም

ጡረታ ወጥቼ ሦስት ዓመት እፎይ ብዬ ኖሬ ነበር። እፎይታ ለሽማግሌ አይበረክትም መሰለኝ፣ የንባብ ክበብ ውስጥ ገባሁ። ገባሁ ስል አፌ ነው፤ አስገቡኝ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ፋርማሲ የምትሠራው፣ በር አንኳኩታ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መጽሐፍ የሚያውቁ ሰው ነዎት» አለችኝ። ሰው ሲሞካሽ ምን ያደርጋል? ኮቱን አንሥቶ ይከተላል።

እርግጥ ማተሚያ ቤት ውስጥ 34 ዓመት አራሚ ነበርኩ። አራሚ መጽሐፍ ያውቃል ማለት ግን ልኳንዳ ነጋዴ በሬውን ያውቀዋል ማለት ነው። የጠፋች ሰረዝ ሳሳድድ ስንት ልብ ወለድ በፊቴ እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው። ጀግናው ሲሞት እኔ የማየው አራት ነጥቡ በቦታው መኖሩን ነበር።

ክበቡ ስምንት ሰው ነው። ቀጠሮው ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ሰፈራችን ካለች ቡና ቤት። 9 ሰዓት ላይ የምንገኘው እኔና አስተናጋጇ ነን። አንድ መጽሐፍ ለመምረጥ አራት ቅዳሜ ፈጀብን። አራት! በዚህ ጊዜ ውስጥ እኮ ሰው ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ታርቆ፣ እንደገና ይጣላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ «ክላሲክ» በምትል ቃል አለቀ። አንዱ ወጣት «ክላሲክ እናንብብ» ሲል ጡረተኛው ባንከኛ «ዘመን ተሻጋሪ በል፣ አማርኛ አለን» ብሎ ገሠጸው። ወጣቱም ተገሥጾ ሲያበቃ የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ዘረጋው ልበል ጫነው፣ ከ900 ገጽ በላይ ነው፤ ሲያርፍ የስኳሩ ዕቃ ተንቀጠቀጠ። ባንከኛው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ደራሲው በሕይወት እያለ መጽሐፉ ዘመን ተሻገረ አይባልም» አለ። ልጁ «ታዲያ ለእኛ ክበብ ተብሎ ሰው ይሙት?» ሲል ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። እኔ በሆዴ የማስበው ሌላ ነው፤ ያን መጽሐፍ ጋደም ብሎ ማንበብ አይቻልም፣ እንቅልፍ ከጣለህ ደረትህ ላይ ይወድቅብሃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኮሎኔሉ ተነሣ። ተቀምጦ መናገር አይችልም። «ኦሮማይ!» አለ፣ ትእዛዝ እንደሚሰጥ። መጽሐፉስ ይገባዋል። በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የመሰለ ዕዳ የተከፈለበት መጽሐፍ ስንት አለን? ችግሩ መጽሐፉ አይደለም፣ ኮሎኔሉ ነው። ያኔ አሥመራ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «እዚህ ጋ እንኳ ተሳስቷል፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት…» ሊለን ነው። ኦሮማይን ብንመርጥ የምናነብበው የኮሎኔሉን ኦሮማይ ነበር። ያ ደግሞ እስካሁን ከገበያ አልተሰበሰበም፤ በየሰርጉና በየለቅሶው ይነበባል። ሜሪላንድ ያለው የልጅ ልጄ በዚያው ሳምንት ደውሎ ኦሮማይን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው፣ በቅርቡ ተተርጉሞ ወጣ፣ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ተናደድኩ። እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውን መጽሐፍ አትላንቲክ ተሻግሮ በፈረንጅ አፍ ያነብልኛል!

ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ከሁላችንም የተሻለ ሐሳብ አመጡ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ይሁን አሉ፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» የሚለው። የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር ነው፤ ልጅቱ ወንድ መስላ የምትጓዝበት። ቀጭን ነው፣ በሁለት ማታ ያልቃል። የወደቀውም በቅጥነቱ ነው። ባንከኛው «ስምንት ሰው ተሰብስቦ ይችን?» አለ፣ አንድ እንጀራ ለስምንት እንደቀረበለት ሁሉ። ስቡን አይቶ በግ የሚገዛ ሰው መጽሐፍም በዚያው ዓይን ይመርጣል።

እኔም ተራዬ ሲደርስ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ጠራሁ። በ1962 የወጣ ነው። ስሙን ስጠራ ሁሉም «አይይይ…» ብለው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትልቅ ሥራ ነው» አሉ። «ከባድ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ይናገር ጀመር። በዚህ አገር መጽሐፍን መቅበር ከፈለግህ አትንቀፈው፤ ከባድ ነው በለው።

በአራተኛው ቅዳሜ ማን እንዳለው አላስታውስም፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱ በአንድ አፍ «ይኼማ ምን ክርክር አለው!» አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ከታተመ ጀምሮ ያላነበበው ሰው ማን ነው? ኮሎኔሉ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ባንከኛው ሁለት ጊዜ። እኔ፣ ከሰው ላለማነስ፣ ሦስት አልኩ።

ይህን ጊዜ ፋርማሲስቷ ልጅ ስልኳን አስቀመጠችና «ጥሩ፣ እንግዲያው ቀላል ጥያቄ፤ የበዛብህ እናት ስም ማን ነው?» አለች።

ፀጥ።

ባንከኛው «ሰብለ ወንጌል» ብሎ ጀምሮ ራሱ ደነገጠ። ኮሎኔሉ ወታደር የእናት ስም አይጠየቅም አለ። አንዱ ደግሞ ስለ ጉዱ ካሳ ያወራ ገባ። ሁሌም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ የጠፋበት ሰው ጉዱ ካሳ ጋ ይሸሸጋል። የሰፈሩ አኩራፊ ሁሉ ጉዱ ካሳ እኔ ነኝ ይላልና፣ እኔንም ጨምሮ። እትዬ መልሱን እንደሚያውቁት ከፈገግታቸው ያስታውቃል፤ ግን መምህር ናቸው፣ ተማሪው ሲጨነቅ ማየት ይወዳሉ። እኔ መነጽሬን ጠረግሁ። ንጹሕ ነበር።

ምን ልበል? እውነቱን እዚህ ልናገር። እኛ የዚያን ዘመን ልጆች መጽሐፍ አንገዛም፣ እንከራያለን። የተማሪ መታወቂያህን ለባለሱቁ በመያዣ ትሰጥና በቀን ሂሳብ ታነባለህ። የኔ ሰፈር ባለሱቅ የነበረው ፍቅር እስከ መቃብር ብዙ እጅ ያለፈበት ነበር። ሽፋን የለውም፤ ከሽፋኑም ጋር የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሄደዋል። የእኔ በዛብህ እናትም አባትም የለው፤ ጎረምሳ ሆኖ ከመሀል ዱብ ያለ ሰው ነው። ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ ሐሰት የለውም። ሦስቱንም ጊዜ ጭንቅላት የሌለውን።

የቀሩትስ? አንድ በአንድ ወጣጣሁ። ኮሎኔሉ በሬዲዮ ነው የሰማው። ባንከኛውም በሬዲዮ። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው አገር ሙሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነበርና፣ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ፤ ፊታውራሪ መሸሻም የሚቆጡት በወጋየሁ ድምፅ ነው። ሰሚው ሁሉ ቆይቶ አንባቢ ነኝ አለ። ወጣቱን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ኦዲዮውን በቴሌግራም ልላክልዎት?» አለኝ። እሱ እንኳ ሰማሁ ነው ያለው፣ አላበለም።

በዚያ ማታ ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ የሰጡኝን ቅጂ ከነፕላስቲኩ አወረድኩት። እስኪ አስቡት፣ የመጽሐፍ ሰው ቤት ከነፕላስቲኩ! እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተቀመጥኩ። ማንኩሳ ላይ ይጀምራል። ለካ በዛብህ ሳይወለድ በፊት መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ሰው ኖሯል። ባለቤቴ ከመኝታዋ «ምን አገኘህ?» አለች።

«እናቱን» አልኳት።

«ውድነሽ በጣሙን?» አለችና ተገላብጣ ተኛች። 41 ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልነገረችኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንታችንም 9 ሰዓት ሳይሞላ ተገኘን፤ አስተናጋጇ ደንግጣ ወንበር ፈለገች። ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ ኮሎኔሉ «ውድነሽ በጣሙ!» ብሎ ተነሣ። ባንከኛው እኔም ልለው ነበር አለ።

«ጎበዞች» አለች ልጅቱ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ እየሰቀለች። «አባቱስ?»

ኮሎኔሉ ቡና አዘዘ።