አገልግል፦ በጎንደርና በስሜን ደጋ ስለ ሽርሽር ስንቅ የቀረበ አጭር ጥናት

ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻው ካደረገ ወዲህ ስለ ግንቦቹ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላውን የጥምቀት ባሕር ሊቃውንት ለክተውታል፣ ስለውታል፣ ተከራክረውበታል። በዙሪያው ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚፈታው ስንቅ ግን የተባለ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በትሕትና ለመሙላት ይሞክራል።

በዚህ ጥናት ውስጥ «ስንቅ» ማለት ከቤት ወጥቶ፣ መንገዱን ችሎ፣ ሲፈታም ምግብ መምሰሉን ያልተወ ነገር ነው።

ከዕቃው እንጀምር። አገልግል በስንደዶና በአክርማ ተሰፍቶ፣ ከውጭ ቆዳ ለብሶ፣ በጠፍር የሚንጠለጠል ባለክዳን ስፌት ነው። ቆዳው እንጀራውን ከንፋስ ይጠብቃል፤ ጠፍሩ ደግሞ የተሸካሚውን እጅ ለምርኩዝ ነፃ ያወጣል። ውስጡ እንጀራ ይነጠፍበታል። እንጀራው ሲሄድ ዕቃ ነው፣ ሲደርስ ሳህን፣ ሲያልቅ ሶፍት፤ በመካከሉ ምሳም ይሆናል። ፈረንጅ ለዚህ ሁሉ አራት ነገር ገዝቶ ይወጣል።

በወጡ ላይ ግን ሕጉ ጥብቅ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱም ዳገትና ጠመዝማዛ አያጣም። መረቅ የበዛበት ዶሮ ወጥ ኮሶዬ ሳይደርስ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ጋቢ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ልምድ ያላት ባለሙያ ወጡን ቁርጥ አድርጋ ታጠብቀዋለች፣ ወይም ድርቆሽ ትፈረፍርበታለች። ድርቆሽ መረቁን ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈስ ነገር አይኖርም።

ከደባርቅ በላይ ጉዳዩ ወደ ፊዚክስ ይዞራል። በስሜን ተራሮች የሚገኘው የጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ ውኃ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላ ለመቀቀል የሚነሣ መንገደኛ ባቄላው ሳይበስል ይመሽበታል። በሶ ይህን ችግር የፈታው የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ እጅግ ቀድሞ ነው፦ ገብሱ ቤት ውስጥ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስላለቀ፣ ተራራው ላይ የሚጠበቅበት መበጥበጥ ብቻ ነው። በዘርፉ በሰፊው የሚታወቀው ምስክር በፊደል ትምህርት ላይ ስሙ የሚነሣው አበበ ነው። መብላቱ ተመዝግቧል፤ በውኃ ይሁን በማር ግን ምንጮች ዝም ይላሉ።

ጠላ በጀሪካን የሚወጣበት ሙከራም አለ። መጠጡ መፍላቱን አላቆመም፣ የውጪው አየር ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ጀሪካኑ ያብጣል። ክዳኑን ማን ይክፈተው የሚለው ጥያቄ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይወሰናል፤ ታናሹ ይከፍታል።

የቀን መቁጠሪያውም ድምፅ አለው። ሽርሽሩ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ዶሮዋ ዕድሜ ታገኛለች፣ አገልግሉም ለሽሮና ለምስር ይለቀቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ከወጡ ሥጋው በየአገልግሉ ይለያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ጾምም ፍስክም፣ ሃይማኖትም ሳይለዩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ በዚህም ምክንያት ከሁሉ ቀድመው ያልቃሉ፣ ብዙ ጊዜም ዳባት ሳይደረስ።

በመጠን ረገድ የሒሳብ ችግር አለ። አምስት ሰው የአምስት ሰው ምሳ ይዞ ከወጣ ስሌቱ ከመነሻው ተሳስቷል። ሾፌሩ አለ፣ ረዳቱ አለ፣ ጠመንጃ ያነገተው የፓርኩ ስካውት አለ፣ በግ የሚጠብቀው ልጅ አለ። ለእያንዳንዳቸው «እንብላ» ማለት ግዴታ ነው። እነሱም «ብሉ፣ ጠግበናል» ማለት አለባቸው። ሦስተኛው ግብዣ ላይ ይቀመጣሉ።

ስንቅ ሲጠፋ ጥርጣሬው ሁሉ የሚወርድበት ጭላዳ ዝንጀሮ ግን በአብዛኛው ሣር በሊታ ነው፤ መቶ ሆኖ ሲከብም ሣሩን እየነጨ ያልፋል። እውነተኛው ተጠርጣሪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ባለወፍራም መንቁር ቁራ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ አይቸኩልም፣ ሰዎች የሚግባቡበትን ወግም ያጠና ይመስላል።

ምክንያቱም አገልግሉ መጨረሻ ላይ አንድ እንቁላል ይቀራል። ታናሹ ለታላቁ ያቀርባል። ታላቁ «በሞቴ፣ አንተ ብላ» ይላል። ታናሹ «እኔ ልሙት፣ እርስዎ» ይላል። ስካውቱ ሁለቱንም ለማስታረቅ ጠመንጃውን አስቀምጦ ይነሣል። እንቁላሉ ለጥቂት ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቆያል፣ ቁራው ከገደሉ ጫፍ ሁለት እርምጃ ወደፊት ይራመዳል።