ኑዛዜው ለእኛ፣ ዕቃው ለእነሱ

የአጋሮና የሊሙ የቡና ሌቦች ሆይ፣ እስከ መቼ በድንቁርና ትኖራላችሁ? በውድቅት ሌሊት አጥር ጥሶ፣ ኬሻ ተሸክሞ፣ ውሻ አስጩኾ፣ ሲነጋ እጅ ከፍንጅ መያዝ ምን የሚሉት ኋላ ቀርነት ነው? የሠለጠነውን ዓለም አሠራር ተማሩ እንጂ!

እ.ኤ.አ. በ1932 አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የአንድ አጭበርባሪ ኑዛዜ ነው ያለውን አሳተመ። ሰውየው ቫልፊዬርኖ ይባላል። በ1911 ሞናሊዛን ከሉቭር ያሰረቅኳት እኔ ነኝ፤ ስድስት ቅጂ አሠርቼም ለስድስት ባለጸጋ «ዋናዋ ይህች ናት» እያልኩ ሸጫለሁ አለ ተባለ። ብዙ የታሪክ ሰዎች አያምኑትም። ጉራ ሊሆን ይችላል።

ኑዛዜው በታተመበት በ1932 ጎንደር ላይ የሆነው ግን ጉራ አይደለም። በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ገባና ጥንታዊ ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ ልጦ ወሰደ። ባዶ ግድግዳ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው ቅጂ ሥሎ በቦታው ተካ። ልብ በሉ፤ ቫልፊዬርኖ እንኳ ቅጂ የሰጠው ለገዢ ነው፣ እነዚህ ለባለቤቱ! የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ደግሞ የጉዞውን ገመና ሳይደብቅ ጽፎ በ1934 አሳተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ሥዕሎቹም ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ደርሰዋል።

እንግሊዞች በቸርነት አይታሙም። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ንብረት እጃቸው ላይ ያለውን በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ልንሰጥ እንችላለን ያሉት የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ኃላፊ ናቸው፤ በ2018።

እንግዲህ ሌባው ወንድሜ፣ ቡናውን ከኬሻው ገልብጥና ገለፈት ሙላበት። ሁለት ዓመት ቆይተህ «እንዴት እንደ ሰረቅሁ» የሚል መጽሐፍ አሳትም። ባለ ቡናው አቤት ሲልህ አንድ ሲኒ አውሰው፤ አፍልቶ እንዳይጠጣው ግን አስፈርመው። አደራህን፣ ነገሩ የጅማ ሽማግሌዎች ዘንድ እንዳይደርስ! እነሱ መጽሐፍህን ሳይገልጡ «ቡናው የታለ?» ነው የሚሉህ።

የጅማ ሰዎችም አንድ ቃል ስሙኝ። የአባ ጅፋር ዕቃዎች እዚሁ ከተማችን ሙዚየም ውስጥ አሉ። «ቅጂ ልሥራላችሁ» የሚል እንግዳ ከመጣ ቡና አጠጡና በጊዜ ሸኙት።