ጎመን በጤና

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ሰፈር ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ንፍሮው የሚበላው ደጅ ነው፤ ጣሪያ ሥር ከተበላማ ምኑን ልደታ ሆነ! እኔ ግን ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ግራ ጡቴን ይዤ አለቅስ ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ልጄ ክርስትና ሲነሳ፣ ለእንግዳ ጉድ ጉድ ስል ሁለት ሦስቴ ሳላጠባው ቀረሁ። ማታ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ልጁ ሊይዘው ይሞክራል፣ ያሟልጨዋል፣ ይጮኻል። ምክር አልጠፋም። እማዬ አጥሚት፣ አክስቴ በስልክ አብሽ። ሁለቱም ወተት ይጨምራል ተብሎ ነው። ጎርፍ ለገባበት ቤት ዝናብ መለመን!

የመንታዎቹ እናት ከሦስተኛ ፎቅ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ከፍሪጅ የወጣ ጥቅል ጎመን ነው። አንድ ቅጠል ገነጠለች፣ ወፍራሙን አጥንት በጠርሙስ ዳመጠችና፣ «ጡት መያዣሽ ውስጥ ክተቺው» አለችኝ። ቅዝቃዜው! ሕመሙ ጋብ ሲልልኝ ቅጠሉን እዚያው ረስቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ልጄን ለእማዬ አስይዤ ወረድኩ።

የንስሐ አባታችን ዳቦውን ባርከው መስቀል ያሳልማሉ። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አልኩ። ቅጠሉም አብሮኝ ጎንበስ አለ። በቀሚሴ አንገት ሾልኮ፣ ሞቆና ጠውልጎ፣ አባ እግር ሥር ዘጭ።

አባ ቅጠሉን አዩ፤ እኔን አዩ። «ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ ጎመን?»

«ጎመን በጤና ነው አባ!» አሉ አንዲት እማማ ከወዲያ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

የሳቁት ሴቶች ግን ወዲያው ከበቡኝ፤ ጋቢ ጋረዱልኝ። «ቅጠሉ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ወተቱን አይቀዳልሽም» አለች የመንታዎቹ እናት። በሞቀ ጨርቅ ካለዘበችው በኋላ ትንሽ አለበችልኝ። እማዬም ልጁን ይዛልኝ ወረደች። «አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂ። ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጥቁሩንም ይጉረስ።» አገጩ ጡቴ ላይ ተለጠፈ፤ ሲውጥ ይሰማኛል። «ትኩሳት ከያዘሽ ግን ጎመን ሳትይ ጤና ጣቢያ ሂጂ።» እሷንም ያስተማረቻት መንታዎቹን ስትወልድ ጎረቤቷ የነበረች ሴት ናት።

አሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሰባት እናቶች እንዲህ ለመረዳዳት ማኅበር ሲያቋቁሙ ጋዜጣ ላይ «ጡት» ብሎ መጻፍ ነውር ነበርና ስሙን ከስፓኒሽ ቋንቋ ተዋሱት፤ ላ ሌቼ፣ ወተት ማለት ነው። እኛ ጋ እናት ታክሲ ውስጥ ጡቷን ብታወጣ ረዳቱ ሂሳቡን ይቀበላል እንጂ ዘወር ብሎ አያይም። የሚያሳፍረን «ማጥባት አላውቅበትም» ማለቱ ነው። እናት ሆኖ እንዴት! እኔም ጎመኑ ባያጋልጠኝ ፎቄ ላይ ሆኜ ነበር የማለቅሰው።

ጨዋታው ወደ ሥራ ዞረ። ጤና ጣቢያ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። «የቀረውን ማን ያጥባልኝ፣ አለቃዬ?» አለች አንዷ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች።

የተረፈውን ጥቅል ጎመን እማዬ በማግስቱ ከድንችና ካሮት ጋር ሠርታ አበላችን።